አጥንት የተቆጠረበት ቀን

እናቴ ርስቷን በከሰሰችው ሰው ምላስ ላይ ያስቀመጠች ዕለት፣ ፍርድ ቤት መሆናችንን ረስቼ ክንዷን ቆነጠጥኋት።

«ጌታዬ፣» አለች ለዳኛው፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ፊታውራሪ ራሳቸው ቀርበው ይማሉልኝ። ‹ይህችን ሴት አላውቃትም፣ ከአጥንቴ አይደለችም› ብለው ከማሉ፣ እኔም መሬቱን ትቼ እሄዳለሁ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። የፊታውራሪው ነገረ ፈጅ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በምላሱ የታወቀ ሰው፣ ፈገግታውን ለመደበቅ አፉን በመሐረብ ያዘ። እኔ እናቴ አበደች ብዬ አሰብሁ። አስቤም አልቀረሁ፣ ወጥተን ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር እንደተቀመጥን ነገርኋት።

«ምነው እማ፣ ምን ነካሽ? ቢምሉስ?»

«አይምሉም።»

«በምን አወቅሽ?»

«የጨዋ ልጅ ናቸው። የጨዋ ልጅ ቢገድልሽ ይገድልሻል እንጅ በሐሰት አይምልብሽም።»

«መሬትሽን የያዘብሽ ጨዋ!»

«መሬቱንማ የያዙት አባታቸው ይዘውት ስላገኙት ነው» አለች፣ ቆሎዋን ከመቀነቷ እየፈታች። «መሐላ ግን ከአባት አይወረስም፤ የራሳቸው ነው።»

ሳቅሁባት። ያን ጊዜ ጨዋ የሚለው ቃል ለእኔ የጌቶች መሸፈኛ ነበር። ዳኛው ግን ሁለቱም ወገን ከተስማሙ የአገሩን ልማድ እቀበላለሁ ብለው፣ ነገረ ፈጁም በደስታ ተስማምቶ፣ ፊታውራሪው ራሳቸው ቀርበው እንዲምሉ ቀጠሮ ተሰጠ።

ከሥሩ ልጀምር። ይህ የሆነው አብዮቱ ከመምጣቱ ስምንት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ አልሞላኝም፤ ቡሬ ተምሬ፣ ፍኖተ ሰላም አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። እናቴ ባልቴት ናት። የተወለደችው ቋሪት፣ ደጋው ላይ ነው። አባቴ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበርና የሚያወርሰን መሬት አልነበረውም። እሱ ከሞተ በኋላ እናቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የፊታውራሪውን መሬት በእኩል እያሳረሰች፣ ግማሹን ለባለመሬቱ እየሰጠች፣ በተረፈው በርበሬና ዳጉሳ እኔን አስተማረችኝ።

በእኛ አገር መሬት የሚገኘው በአጥንት ነበር። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት እንደሚወለድ ቆጥሮ ያሳየ፣ ጌታም ይሁን ድሃ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ይካፈላል። መቁጠር ያቃተው መጤ ይባላል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለርስቱ ይባል የለ? ባለርስት መሆንህን የሚቆጥርልህ ሰው ከሌለ ግን ሺህ ዓመት ብትጠብቅም ያው መጤ ነህ። እናቴ እዚያ ገጠር ሃያ ዓመት ኖራ መጤ ነበረች። ሰርግ ላይ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ የአገር ነገር ሲመከር አትጠየቅም።

እሷ ግን መጤ እንዳልሆነች ታምናለች። አባቷ ሳትጠግበው ነው የሞተው። ሳይሞት በፊት እንዲህ ብሏታል፤ «እናቴ የዚያ የቡሬው ጌታ ልጅ ናት። መሬት እዚያ አለሽ።» የዚያ የቡሬው ጌታ ማለት የፊታውራሪው አያት ናቸው። ከዚህ ሌላ የምታውቀው አልነበራትም። የአባቷ እናት እንዴት የጌታ ልጅ ሆና ቋሪት ደጋ ላይ የገበሬ ሚስት እንደሆነች የነገራት የለም። ይህን ለጎረቤት ስታወራ ሰው ይስቅባታል። ድሃ ሁሉ አያቱን ጌታ ያደርጋል ይላሉ። እኔም አንዳንዴ አፍርባት ነበር። ስለዚህ ዝም ብላ፣ የራሷ ነው የምትለውን መሬት፣ ግማሹን እየገበረች አሳረሰች።

ፊታውራሪውን አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። በበቅሎ ሲያልፉ ሰው ከመንገዱ ወርዶ ይቆማል፤ እናቴም ወርዳ ትቆማለች። እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ አንገቴ አልታጠፍ ብሎኝ እሷ ስትጎነበስ ወደ ዛፍ አያለሁ። ቤታቸው ድግስ በነበረ ቀን አንድ ጊዜ ገብቼ አይቻለሁ። ሊመገቡ ሲሉ ሁለት ሰዎች ጋቢ ዘርግተው ጋረዷቸው፤ ያን ያህል ሕዝብ ትንፋሹን ዋጠ። እኔ ከጋቢው ወዲያ እንደኛ ያላምጡ እንደሆነ ለማየት አንገቴን አሰገግሁ። ምንም አልታየኝም፤ ብቻ አንድ ሰው ሲበላ መቶ ሰው ዝም የሚልበት ምክንያት ምን እንደሆነ ስጠይቅ ከረምሁ። እናቴን ስጠይቃት «ጌታ ናቸዋ» አለችኝ። ይህን መልስ እንኳን ያኔ፣ ዛሬም አልወደውም።

ልጃቸው ሌላ ዓይነት ጌታ ነበር። አዲስ አበባ ተምሮ፣ እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በላንድሮቨር ይመጣል። ኮት፣ ከረባት፣ ጥቁር መነጽር። ሰላምታ የሚሰጠው ከመኪናው መስኮት ነው። አባትየው ሰው ሲያዩ «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ፤ ልጅየው «የት ነው የምትሠራው?» ይላል። የሚሠራበት ቦታ የሌለው ሰው ለእሱ ሰው አይደለም፤ የሚቆጥረው አባት የሌለው ሰው ደግሞ ለአባትየው። የትኛው እንደሚሻል ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ሁለቱም ገደል ይግቡ እል ነበር። እንዲህ ስል ግን እኔም ብሆን በአቅሜ ጌታ መሆን ጀምሬ ነበር። የተከራየሁባት ሴትዮ፣ ልጅ ወልዳ የዳረች፣ እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ስገባ ብድግ ትልልኝ ነበር። ደመወዝተኛ ነኛ! ሁለት ጊዜ «ተይ፣ እባክሽ» አልኋት፤ ከዚያ በኋላ ለመድሁት።

አንድ ዓመት ልጅየው የበርበሬ እርሻ በትራክተር አርሳለሁ ብሎ እኩል አራሾቹን ከመሬቱ ላይ አስነሣ። እናቴም ተነሣች። ስትነሣ ግን ዕቃዋን ጭና ወደ ቋሪት አልተመለሰችም፤ እኔ ዘንድ ፍኖተ ሰላም መጥታ ከሰሰች። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ያደገች ሴት፣ ፊታውራሪ ከሰሰች። ካሸነፈች የአገሩ ሰው ናት፤ ከተሸነፈች መሬት ብቻ አይደለም የምታጣው፣ አባቷም ውሸታም ሆኖ ይቀራል። ይህን ነበር የምትፈራው። ማታ ማታ «አባቴ አይዋሽም ነበር» ትለኛለች፣ ሳልጠይቃት።

ሽማግሎች ለምስክርነት ተጠሩ። የሚያውቁትም የማያውቁትም አላውቅም አሉ። አንዱ ሽማግሌ ከወጡ በኋላ የእናቴን ዓይን እንኳ ማየት አልቻሉም። ፊታውራሪው ራሳቸው አንድም ቀን አልመጡም፤ ጌታ ከገበሬ ጋራ ቆሞ አይከራከርም፣ ነገረ ፈጅ ይልካል። ነገረ ፈጁ ደግሞ በቀረበ ቁጥር «ይህች ባዕድ ሴት» ይላታል። ሁሉም በር ሲዘጋባት ነው እናቴ ያንን የመሐላ ነገር ያመጣችው።

የቀጠሮው ቀን ገበያ ነበር። ከቡሬም፣ ከቋሪትም፣ ከየገጠሩ የመጣ ሰው ገበያውን ትቶ የፍርድ ቤቱን ግቢ ሞላው። ፊታውራሪው በበቅሎ መጡ። ላንድሮቨሩ ከኋላቸው ቀስ እያለ ይከተላል። ልጃቸው በመኪና ላምጣዎት ቢላቸው «ለመሐላ በመኪና አይኬድም» ብለው እምቢ ማለታቸውን አሽከራቸው ለሰው ሲያወራ ሰማሁ። እህልም አልቀመሱም አለ። የሚምል ሰው ይጾማል። ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። ጥቁር በርኖስ ደርበዋል፤ ሲወርዱ ግቢው ሁሉ ተነሣ፤ የጋሪ ነጂዎቹም፣ ጠላ የሚሸጡትም ሴቶች። እኔም ሳላስበው ተነሥቻለሁ። ሳውቀው መልሼ ተቀመጥሁ፤ ማንም ግን አላየኝም።

አዳራሹ ውስጥ ዳኛው፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ገና ወጣት ሰው፣ ከወንበራቸው ግማሽ ያህል ብድግ አሉና አፈር ብለው ተቀመጡ። «ፊታውራሪ፣ ወንበር ይቅረብልዎት» አሉ።

«ተከሳሽ ነኝ» አሉ ፊታውራሪው። «ተከሳሽ ይቆማል።»

መጥተው ከእናቴ አጠገብ ቆሙ። እናቴ እንደ ልማዷ ልትጎነበስ አለች፣ ከዚያ ምን እንደታሰባት እንጃ፣ ቀና ብላ ቀረች። የእሳቸው በርኖስ የእሷን የታጠበ ነጠላ ይነካል። ሁለቱም ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። ልጅየው ከኋላ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ለእሱ ነገሩ አልቋል። አላውቃትም ማለት ምን ይከብዳል? እሱ ራሱ አያውቃትም።

ከከተማው ቤተ ክርስቲያን የመጡት ቄስ ወንጌሉን ከፍተው ያዙ። ፊታውራሪው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጫማቸውንም አወለቁ፣ ቀኝ እጃቸውን ወንጌሉ ላይ አኖሩ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ አልጨፈንሁም፤ እጃቸውን ነበር የማየው። የተሸበሸበ፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ የማንኛውም ሽማግሌ እጅ ነበር።

«ይማሉ» አሉ ዳኛው።

ውጭ አህያ ስታናፋ ይሰማል። ነገረ ፈጁ ጉሮሮውን ጠረገ። እሳቸው ግን ወንጌሉን እያዩ ብዙ ቆዩና እጃቸውን አነሡ።

«አልምልም» አሉ። «ልቍጠርላት።»

«ፊታውራሪ!» አለ ነገረ ፈጁ። ዞር ብለውም አላዩት።

አጥንት ሲቆጠር ሰምቼ አውቃለሁ። ለጋብቻ ጊዜ ሽማግሎች ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ጠላ ይጠጣሉ። የፊታውራሪው ግን ሌላ ነበር። አገሩን ካቀናው አባት ጀመሩ። የመጣበትን ወንዝ፣ የተከለውን ታቦት፣ ያገባትን ሚስት ከነአባቷ፣ የወለዳቸውን ልጆች። ከዚያ የልጁን ልጅ። እያንዳንዱን ከነፈረስ ስሙ ይጠሩታል፤ እንትና፣ አባ እንትን፤ ያረፈበትን ቦታ፣ የተቀበረበትን ደብር። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ የእኔ ብቻ አይደሉምና። ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ አልተደናቀፈም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አላረመም። ጸሐፊው መጻፉን ትቶ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እኔ ትምህርት ቤት የነገሥታት ስም በቃሌ ይዤ ተሸልሜአለሁ፤ በልቤ የያዝሁት ግን ፈተናው ባለፈ ማግሥት ጠፍቶኛል። እኒህ ሰው ግን የሞቱትን ሁሉ በአፋቸው ይዘው ነው የሚኖሩት። ፈራሁ። ጌታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ጫፉ ታየኝ፤ ከኋላው የቆሙትን ሁሉ በስም የሚያውቅ፣ ስለዚህም ብቻውን ቆሞ የማያውቅ ሰው ማለት ነው። ልንቀው ብዬ የመጣሁት ነገር ይህን ያህል ትልቅ መሆኑም አናደደኝ።

አያታቸው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«አያቴ ከሚስቱ ከወይዘሮዋ አባቴን ወለደ» አሉ። «ከወጥ ቤት ገረዷም አንዲት ሴት ልጅ ወለደ።»

ልጅየው ወደ ፊት መጣ። «አባባ፣ ይበቃል» አለ በዝግታ። «አባባ፣ ሰው ይሰማል እኮ።»

«እንዲሰማ ነው» አሉ፣ አሁንም ሳይዞሩ። «ልጅቱ ጡት ስትጥል ወይዘሮዋ ዓይኔ አይያት ብላ ቋሪት ላለ ገበሬ ሰጥታ ሰደደቻት። አድጋ አግብታ ወንድ ልጅ ወለደች። እሱም ይህችን ወለደ።» እናቴን በእጃቸው አመለከቱ። «አባቴ ሊሞት ሲል ኸአልጋው አጠገብ ጠርቶ ነግሮኛል። ‹የእኅቴ ዘር አንድ ቀን ይመጣል፤ እንዳትክድ› ብሎኛል። ኸዚያ ወዲህ ማን ማንን እንደወለደ እየሰማሁ ኖሬአለሁ። ይህችም መጥታ በመሬቴ ላይ እኩል አራሽ ስትሆን አውቄአታለሁ። እስክትጠይቅ ጠበቅሁ፤ እንዳትጠይቅም ተመኘሁ። በጠየቀች ጊዜ ነገረ ፈጅ ሰደድሁባት።» ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «እሱም ይጻፍ።»

ልጅየው ወጣ። የላንድሮቨሩ ድምፅ ግቢውን ሲለቅ ሁላችንም ሰማን። እኔ አለቀስሁ፤ ከደስታ ነው እንዳልል ስለ መሬቱ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ያለቀስሁት አንድ ሰው ያን ያህል ሕዝብ ፊት የገዛ ቤቱን ገመና በገዛ አፉ ሲያወጣ፣ ደግሞም ሲያወጣው ከፊተኛው ይልቅ ሲገዝፍ ስላየሁ ነው። ሹመታቸውን፣ በቅሏቸውን፣ አሽከራቸውን ሁሉ ብትነጥቋቸው ያን ቀን የቆሙት ሰው አይቀነስም ነበር። እናቴ ይህን ከየት አወቀችው? እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች ቆማለች። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

«እመት፣» አሉ ዳኛው ለስለስ ብለው፣ «ሰምተሻል። የምትጨምሪው አለሽ?»

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። «አለኝ ጌታዬ።» ወደ ፊታውራሪው ዞረች። በሕይወቷ ፊት ለፊት ስታያቸው የመጀመሪያዋ መሆን አለበት። «አንቱ» አለች። «የዚያች ገረድ ስሟ ማን ነበር?»

ፊታውራሪው አፋቸውን ከፈቱ። የስንቱን ሰው ስም ያን ያህል ሰዓት ያለ እንከን ያወጣ አፍ ነው፣ ተከፍቶ ቀረ። የአያታቸውን ፈረስ ስም ነግረውናል። የዚያን ፈረስ አባት እንኳ ቢጠየቁ የሚያውቁት ይመስለኛል።

«አልነገሩኝም» አሉ በመጨረሻ። ከዚያም፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል፣ «አልጠየቅሁምም።»

ዳኛው ፈረዱላት። ሽማግሎች በገመድ ለክተው የአያቷን ድርሻ ሰጧት፤ ጥቁር አፈር፣ ከወንዙ ዳር፣ ያው ስታሳርሰው የነበረውን ጨምሮ። ልጅየው አባቱ ቤት ዳግም አልመጣም ሲሉ ሰማሁ፤ ትራክተሩም ቀረ። በገጠሩ ፊታውራሪውን የነቀፏቸው ብዙ ናቸው። የአያቱን ነውር በገበያ ቀን ያወጣ ተባሉ። እናቴን ደግሞ አንዳንዱ የገረድ ልጅ አላት፣ አንዳንዱ እሜቴ አላት። ሁለቱንም ስትሰማ «ልክ ነው» ትላለች።

በዓመቱ የመጀመሪያው ዳጉሳ ሲገባ እናቴ አንድ ፍሬ አልቀምስም አለች። «መሬቱ የመጣው በዚያች ገረድ ነው። አንድም ቀን ቄስ ጸልዮላት አያውቅ ይሆናል» አለች። የዚያችን ሴት ተዝካር ልታወጣ ነው። ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦ ደፋች፣ ነዳያንንና የነፍስ አባቷን ጠራች። ብዙ ሰው አልጠራችም፤ ፊታውራሪውንም አልጠራች፤ እንዴት ይጠራሉ?

እሳቸው ግን መጡ። አሽከር አልያዙም። ከአጥሩ ውጭ ከበቅሏቸው ወርደው፣ ልጓሙን እያሰሩ ሳለ እናቴ ሮጣ ወጣች። ልትጎነበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓትና ጉንጯን ሳሟት፤ ዘመድ ለዘመድ እንደሚሳሳመው። ከዚያ ቤት ሳይገቡ፣ እዚያው ደጅ ላይ ቆመው ነገሯት።

«የወንድሜ ልጅ፣ የገረዲቱን ስም አላገኘሁትም» አሉ። «ኸዚያ ቀን ወዲህ ያልጠየቅሁት ሽማግሌ የለም። ኸወጥ ቤታችን ያደገች አንዲት አሮጊት፣ በልጅነቷ አይታታለች፣ እሷን አገኘሁ። ‹ምን ብላችሁ ትጠሯት ነበር?› አልኋት። ‹አንቺ ነው የምንላት› አለችኝ። ‹አንቺ ነይ፣ አንቺ ሂጅ። ጌታም እመቤትም እንደዚያ ነው የሚሏት። ወጥ ቤቱ ውስጥ እንደዚያ ስትባል ሞተች።›»

እናቴ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ቄሱ ተነሥተው መንበራቸውን ሊለቁላቸው ሲሉ እምቢ ብለው ከነዳያኑ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ነዳያኑ ፈርተው ሸሽተው ነበር፤ ትንሽ ቆይተው ተመለሱ።

ቄሱ መስቀላቸውንና መጽሐፋቸውን አዘጋጅተው «የክርስትና ስሟን ንገሩኝ» አሉ። «ያለ ስም እንዴት ብዬ እጠራታለሁ?»

እናቴ አየችኝ። እኔም አየኋት። የተማርሁት ሁሉ ምን ይረባኛል? እናቴ ልትናገር አፏን ስታሟሽ ፊታውራሪው ከመደቡ ተነሡ።

«የአያቴን ስም ስጧት» አሉ። «የወይዘሮዋን።»

ቄሱ ግራ ተጋቡ። «ፊታውራሪ፣ እሳቸው እኮ ያሰደዷት ናቸው» አሉ። «ደግሞም በዚያ ስም የሚታሰቡ ራሳቸው አሉ።»

«አውቃለሁ» አሉ ፊታውራሪው። ድምፃቸው ፍርድ ቤት ሲቆጥሩ እንደነበረው አልሆነም፤ ተሰበረ። «እሳቸውንም አስቧቸው። ለይ ቢባል እግዜር ይለያቸዋል። እኔ ሌላ የምሰጣት ስም የለኝም።»

ቄሱ እናቴን አዩ። እናቴ ራሷን በእሽታ ነቀነቀች። ያን ጊዜ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፣ እኛም ሁላችን ቆምን፣ ያንን አንድ ስምም ሁለት ጊዜ ጠሩት።